የምግብ ዋስትና በኩንታል ብቻ አይለካም
ከወለጋ የሠፈራ ጣቢያዎች የተገኘ ትምህርት

ዝናብ በማይጠፋበት ለም አገር ሕፃናት በምግብ እጥረት አይጎዱም የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። የወለጋ ልምድ ግን ይህ እምነት ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ያስረዳል።

በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅና ረሃብ የተነሣ፣ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 600 ሺህ ያህል ሰዎች፣ ከፊሎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስደዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር የሠፈረው በቀድሞው ወለጋ ክፍለ ሀገር ነበር። ጤፍ፣ ገብስና ባቄላ የለመደው የደጋ ገበሬ በበቆሎና በማሽላ መተዳደር ግድ ሆነበት። እንደ አንገር ጉትን ባሉት ቆላማ ሥፍራዎች ወባ ሰውን፣ ገንዲ ከብትን ያጠቃ ነበር። ከብት ሲያልቅ ወተት ይጠፋል፤ እናት በወባ ስትወድቅ ሕፃኑን በየሰዓቱ የሚመግበው አይኖርም፤ ወባና ተቅማጥ የያዘውም ልጅ የበላው ለሰውነቱ አይውልም። በጎተራ በቆሎ እያለ ሕፃን ሊከሳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ለዛሬም ያገለግላል። በ2011 ዓ.ም. መባቻ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች በነቀምቴና በምሥራቅ ወለጋ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች ተጠልለው ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸው ታውቋል።

ስለሆነም የመስክ ሠራተኞች የሚከተሉትን ሊያተኩሩባቸው ይገባል።

1ኛ/ ከ6 እስከ 59 ወር ያሉትን ሕፃናት የክንድ ዙሪያ በየጊዜው መለካት። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የምግብ እጥረት፣ ከ11.5 በታች ደግሞ ከባድ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ልጅ ልኬቱ ምንም ይሁን ምን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይላካል።

2ኛ/ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም በኋላ ጡት ሳይቋረጥ ከጥራጥሬ ጋር የተቀላቀለ ገንፎ በቀን ደጋግሞ መስጠት። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ አንድ ጊዜ ማጥገብ አይበቃም። የወለጋ ገበሬ በጓሮው የሚያለማው አንጮቴ በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ፣ አዲስ መጤዎች ከነባሩ ሕዝብ አተካከሉን እንዲማሩ ማድረግ ይጠቅማል።

3ኛ/ ከእህል ጋር አጎበርና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ።

በመጨረሻም፣ የተከፋፈለው ኩንታል ብዛት ብቻ የሚጻፍበት ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው። ከአጠገቡ የተለኩትና ያገገሙት ሕፃናት ቁጥር ሲሰፍር ነው እህሉ ለታለመለት መድረሱ የሚታወቀው።