መጋዘን ለሌለው ዕቃ የገበያ ቀን ስለ መምረጥ

ቡና ወይም ጨርቅ የሚነግድ ሰው የሽያጩን ጊዜ ሲያስብ መርከቡ የሚደርስበትን ቀን፥ የመጋዘኑን ኪራይ፥ የክረምቱን ወራትና የበዓሉን ሰሞን አብሮ ያስባል። ዛሬ ግን መርከብም መጋዘንም የማይሻ ዕቃ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ከነዚህ አንዱ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ገዢው ዋጋውን በኢንተርኔት ይከፍላል፥ ጨዋታውንም ወዲያው ወደ ኮምፒዩተሩ ያወርዳል። አንድ ቅጂ ቢሸጥም መቶ ሺህ ቢሸጥም ዕቃው አያልቅም፤ ዓመት ቢቀመጥም አይነቅዝም። እንዲህ ከሆነ ሻጩ ስለ ቀን መጨነቁ ለምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

በዚህ ንግድ የሚያጥረው የገዢው ዐይን ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. ባቋቋመው ስቲም በሚባለው መደብር በ2024 ዓ.ም. ብቻ ከ18,000 በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ቀርበዋል፤ ይህም በቀን 50 ያህል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመደብሩ የፊት ገጽ ግን እንደ ማናቸውም የሱቅ መስኮት ጠባብ ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ራሳቸውን ችለው ለሚሠሩ ታናናሽ ሠሪዎች ነው። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው ስታርዲው ቫሊ የተባለው ጨዋታ፥ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ የደከመበት ነው። እንዲህ ለሚሠራ ሰው የዓመታት ድካሙ ዋጋ ወደ እጁ የሚገባው ጨዋታው ለገበያ ከወጣ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብዙ ገዢ ያገኘውን ጨዋታ መደብሩ ራሱ ለሌሎች ገዢዎች ያሳየዋል፤ ገዢ ያጣው ግን ከመስኮቱ ወርዶ ወደ ኋላ መደርደሪያ ይገባል። እርግጥ ነው፥ ከኋላ መደርደሪያ ተነሥቶ የገነነም አለ። በጁን 2018 ዓ.ም. የወጣው አመንግ አስ ስሙ በዓለም የተሰማው ሕዝቡ በወረርሽኙ ምክንያት ከቤቱ በተቀመጠበት በ2020 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ዕድል ተማምኖ ብድር የሚበደር ነጋዴ የለም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከመውጫው ቀን አስቀድሞ ነው። ሠሪው 100 ዶላር የመመዝገቢያ ከፍሎ ለጨዋታው በመደብሩ ውስጥ ገጽ ያዘጋጃል፤ ገጹም ጨዋታው ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ለሕዝብ እንዲታይ ደንቡ ያዛል። ሁለት ሳምንት ግን ለንግድ አይበቃም፤ ብልህ ሻጭ ገጹን ወራት አስቀድሞ ይከፍታል። ጨዋታውን አይቶ የወደደ ሰው ገና ሳይገዛ በምኞት መዝገቡ ይጽፈዋልና። ጨዋታው በወጣ ቀን መደብሩ በመዝገባቸው ለጻፉት ሰዎች የኢሜይል መልእክት ይልክላቸዋል። ስለዚህ ይህ መዝገብ ሳይሞላ ቀን መቁረጥ፥ ግብዣውን ሳይጠሩ ድንኳን እንደ መትከል ይቈጠራል።

መዝገቡን ለመሙላት ከሚረዱት አንዱ፥ ኔክስት ፌስት የተባለው በዓመት ሦስት ጊዜ በፌብሩዋሪ፥ በጁንና በኦክቶበር ለአንድ ሳምንት የሚደረገው ትርዒት ነው። በዚያ ሳምንት ሠሪዎች ገና ያልወጡ ጨዋታዎቻቸውን በመሞከሪያ ቅጂ በነጻ ያስቀምሳሉ። አንድ ጨዋታ በዚህ ትርዒት የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዕድሉን ከመውጫው ቀን ዓመት በሚርቅ ጊዜ ማባከን አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቅናሽ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። መደብሩ ሻጩ በመውጫው ቀን የመክፈቻ ቅናሽ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። ነገር ግን የመክፈቻው ቅናሽ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ለ30 ቀን ሌላ ቅናሽ ማድረግ ክልክል ነው። መደብሩ ደግሞ በየዓመቱ በጸደይ፥ በበጋ፥ በበልግና በክረምት፥ ማለት በአውሮፓውያኑ ወቅቶች፥ አራት ታላላቅ የቅናሽ ገበያዎች ያደርጋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አጣምሮ ያላሰላ ሰው ታላቁ ገበያ ያመልጠዋል።

ለምሳሌ የ2025 ዓ.ም. የበጋ ገበያ ከጁን 26 እስከ ጁላይ 10 ነበር። በሜይ 15 ጨዋታውን አውጥቶ ለ7 ቀን የመክፈቻ ቅናሽ ያደረገ ሻጭ፥ ቅናሹ በሜይ 22 ያልቅለታል፤ 30ው ቀን በጁን 21 ይፈጸማል፤ ለበጋው ገበያም በጊዜ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ በጁን 5 ያወጣው ግን ቅናሹ በጁን 12 ያልቅና 30ው ቀን የሚሞላለት በጁላይ 12፥ ገበያው በተዘጋ በሁለተኛው ቀን ነው። ሁለቱ ያቀረቡት ዕቃና የጠየቁት ዋጋ አንድ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግን ሕዝቡ ቦርሳውን በከፈተበት ሰሞን ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

የቅናሹ መጠንም የራሱ ሒሳብ አለው። መደብሩ ከሽያጩ ገቢ ከመቶ 30 እጅ ይወስዳል፤ የአንድ ጨዋታ ገቢ ከ10 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ከትርፉ ሽያጭ 25፥ ከ50 ሚሊዮን ሲያልፍ 20 እጅ ይሆናል። (ብዙ ለሚያመጣ ድርሻው መቀነሱ ለጅምላ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም።) እንግዲህ የ20 ዶላር ጨዋታ በሙሉ ዋጋው ሲሸጥ ለሠሪው ግብር ሳይቈጠር 14 ዶላር ይደርሰዋል። በመቶ 10 ሲቀነስ 12 ዶላር ከ60 ሳንቲም፥ በመቶ 50 ሲቀነስ 7 ዶላር፥ በመቶ 75 ሲቀነስ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በዚህ በመጨረሻው ዋጋ የአንድ ሙሉ ሽያጭ ገቢ ለማግኘት አራት ገዢ ያስፈልጋል። ጨዋታው ከወጣ ብዙም ሳይቈይ እስከዚህ የወረደ ሻጭ፥ በሙሉ ዋጋ ሊገዛ ያሰበውን ሰው ሳይቀር ቈይቶ መግዛትን ያስተምረዋል።

በሌላ በኩል ቅናሹን ማሳነስም ጉዳት አለው። ከመክፈቻው በኋላ በሚደረግ ቅናሽ መደብሩ በምኞት መዝገብ ላሉት ሰዎች መልእክት የሚልከው ቅናሹ ከመቶ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በመቶ 15 የቀነሰ ሰው ገንዘቡን ለቆ ደወሉ ሳይደወልለት ይቀራል።

የራስን ሒሳብ አስተካክሎ የጎረቤትን ሱቅ አለማየትም ያከስራል። በአውስትራሊያ የሚገኘው ቲም ቸሪ የተባለው ታናሽ ድርጅት ሆሎው ናይት፥ ሲልክሶንግ የተባለውን፥ ብዙ ዓመት የተጠበቀውን ጨዋታ በሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. እንደሚያወጣ ያስታወቀው በኦገስት 21፥ ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ነበር። በዚያ ሰሞን ሊወጡ የተዘጋጁ ሌሎች ታናናሽ ሠሪዎች ቀናቸውን ለማዛወር ተገደዱ፤ ዲመንስኩል የተባለው ጨዋታ ለምሳሌ ከሴፕቴምበር 3 ወደ ኖቬምበር 19 ተዛወረ። ፈርተው ሸሹ የሚላቸው ቢኖር ተሳስቷል። ጨዋታው በወጣበት ሰዓት የገዢው ብዛት ስቲምንና ሌሎችንም መደብሮች ለጊዜው አሰናክሏቸዋልና፥ በዚያ ቀን የሌላ ሰው ዕቃ የሚያይ ብዙ ሰው ባልተገኘም ነበር።

ከዚህ ቀደም በ2020 ዓ.ም. በቼክ አገር በፕራግ ከተማ የሚሠራው ውቤ የተባለው ድርጅት ፋክቶሪዮ የተባለውን ጨዋታውን ተፈጽሞ በሴፕቴምበር 25 ሊያወጣ ቀን ቈርጦ ነበር። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው የፖላንዶች ታላቅ ጨዋታ በሴፕቴምበር 17 እንደሚወጣ ባወቀ ጊዜ ግን ቀኑን ወደ ኦገስት 14 አሳበው። የሚያስገርመው፥ ሳይበርፐንክ ራሱ መጀመሪያ ወደ ኖቬምበር 19፥ ኋላም ወደ ዲሴምበር 10 መዛወሩ ነው። ይሁን እንጂ ውቤ በማስቀደሙ የጐደለበት ነገር የለም፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ ስለ ነበር ቀኑን ወደ ፊት ማምጣት ቻለ። ሥራው ያልተፈጸመለት ሠሪ ከታላቅ ተፎካካሪ የሚሸሸው ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ መሸሽ ደግሞ የተጨማሪ ወራት ደመወዝ ማለት ነው።

ይኸው ድርጅት ስለ ዋጋ ያለው ልማድም ሊጠና ይገባዋል። ፋክቶሪዮ በስቲም ከወጣበት ከፌብሩዋሪ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለቅናሽ ቀርቦ አያውቅም። 20 ዶላር የነበረው ዋጋ በ2018 ዓ.ም. 30 ዶላር፥ በጃንዩዋሪ 2023 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኑሮ ውድነት 35 ዶላር ሆነ፤ የኋለኛው ጭማሪም አስቀድሞ ለሕዝብ ተነግሮ ነበር። እንዲህ ባለ ሱቅ ቈይቶ መግዛት ስለማይጠቅም፥ ገዢው የወደደውን ዛሬውኑ ይገዛል። ይህ መንገድ ግን በየጊዜው ለሚሻሻልና ስሙ ለታወቀ ዕቃ እንጂ፥ ማንም ላላወቀው አዲስ ዕቃ የሚመከር አይደለም።

ስለ ሳምንቱ ቀኖች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዓርብ ማታ አውጥቶ ቅዳሜ ስሕተት የተገኘበት ሠሪ የሚረዳው ሰው አያገኝም፤ ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ይሻላል። የመደብሩ ቅናሾች የሚለወጡት በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ሲሆን፥ ይህም በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው።

በመጨረሻ የገንዘቡ መግቢያ ቀን መታወቅ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ገዢ በገዛ በ14 ቀን ውስጥ፥ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ፥ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ሁሉ እንደ ተጣራ ገቢ አይቈጠርም። መደብሩም ሒሳቡን የሚዘጋው በየወሩ ነው፤ የአንድ ወር ሽያጭ የሚከፈለውም በተከታዩ ወር መጨረሻ ገደማ ነው። በሜይ 15 ያወጣው ሻጭ የሜይን ገቢ በጁን መጨረሻ ይቀበላል፤ በጁን 5 ያወጣው ግን እስከ ጁላይ መጨረሻ ይጠብቃል፤ የቤት ኪራይና የብድር ወለድ ያለበት ሰው ቀኑን ከመቍረጡ በፊት ይህንንም በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል።