የድመቴ ምርመራ ሁለት መስመር አሳየ፤ አሁንስ ምን ላድርግ?

ሰሞኑን አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር ፎቶ ላከችልኝ። ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ያነሳቻት የሦስት ወር ድመት የደም ምርመራ ኪት ነው፤ እህቷ ከዱባይ የላከችላት። ኤፍአይቪ በሚለው በኩል ሁለት መስመር ወጥቷል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ዶክተር፣ ኢንተርኔት ላይ የድመት ኤድስ ነው ይላል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ላስገድላት?»

ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ስለ ልጆቹ። ኤፍአይቪ የኤችአይቪ ዘመድ ቢሆንም ሰውን አይዝም። በዚያው ኪት የሚመረመረው የድመት ሉኪሚያ ቫይረስም ከድመት ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም። በድመቶች መካከል ግን ኤፍአይቪ በዋናነት በንክሻ ይተላለፋል፤ ማታ ማታ ጣራ ላይ የሚደባደቡት ወንዶች በብዛት የሚያዙትም ለዚህ ነው። ሉኪሚያው ደግሞ በምራቅ፣ በመላላስ፣ ሳህን በመጋራትና ከእናት ወደ ግልገል ይተላለፋል።

ወደ መስመሮቹ እንምጣ። ኪቱ የሚሠራው ልክ እንደ እርግዝና መመርመሪያው ነው። «ሲ» የሚለው መስመር ኪቱ በትክክል መሥራቱን ብቻ ይናገራል፤ እሱ ካልወጣ ሌላው አይቆጠርም። ውጤቱ የሚነበበው መመሪያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ነው። አድሮ ጠዋት ብቅ ያለ መስመር ውጤት አይደለም፤ እሱን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩልኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ምርመራዎች የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው። የሉኪሚያው የቫይረሱን የራሱን ፕሮቲን ማለትም አንቲጂን ይፈልጋል። የኤፍአይቪው ግን ቫይረሱን ጭራሽ አያየውም። የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ሌባውን ሳይሆን ዘበኛውን አየ እንደማለት ነው። ግልገል ድመት ደግሞ ይህን ዘበኛ ከእናቷ እንገር ጋር ልትጠባው ትችላለች! ስለዚህ የሦስት ወሯ ድመት መስመር «እናቴ አንቲቦዲ ነበራት» ከማለት ያለፈ ላይሆን ይችላል። ከእናት የመጣው በጊዜ ይጠፋል፤ 6 ወር ካለፋት በኋላ ሲደገም አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ያኔ በእርግጥ ተይዛለች እንላለን። የሉኪሚያው ፖዘቲቭም ቢሆን በሌላ ኪት ወይም በፒሲአር ይረጋገጣል፤ በአንድ ኪት ብቻ የድመት ዕድሜ አይወሰንም። የተረጋገጠባት ድመትም ቢሆን፣ በተለይ ኤፍአይቪ ከሆነ፣ ዓመታት በደህና ልትኖር ትችላለች።

ኔጌቲቭም ያታልላል። ትናንት የተነከሰ ድመት ዛሬ ቢመረመር ምንም አያሳይም። ለሉኪሚያ ከተጋለጠ ከ30 ቀን በኋላ፣ ለኤፍአይቪ ከ60 ቀን በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ቀጠሮ የማይሰጥ በሽታም አለ፤ ፓንሉኮፔኒያ። ያልተከተበ ግልገል ድንገት ካስመለሰው፣ መብላት ካቆመና ከደከመ በዚያኑ ቀን አምጡት። ለውሻ ፓርቮ በተሠራው ኪት ሰገራውን እንመረምራለን፤ ሁለቱ ቫይረሶች በጣም ስለሚቀራረቡ ይይዘዋል። ኔጌቲቭ ቢልም አላምነውም፤ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥሩ ካሽቆለቆለ ሕክምናውን እጀምራለሁ። ቫይረሱ ቤት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ወለሉን በበረኪና እጠቡ፤ ሌላ ድመት ከማስገባታችሁ በፊት ግን በደንብ ይድረቅ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ድመት ነከሰኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለባት መርምርልኝ።» በሕይወት ባለች ድመት ላይ ነፃ ናት ብዬ የምፈርምበት ምርመራ የለም፤ ማረጋገጫው የሚሠራው ከሞተች በኋላ ከአንጎሏ ናሙና ተወስዶ ነው። ስለዚህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወደ እኔ አትምጡ፤ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ።

ለዚያች እህታችን «አታስገድያት» አልኳት። ድመቷ እስከ ምርመራው ድረስ ከቤት አትወጣም፤ ሌላ ድመትም አይቀላቀላትም። 6 ወር ካለፋት በኋላ እንደግመዋለን፤ ውጤቱን እዚሁ እነግራችኋለሁ። እናንተም ፎቶ ስትልኩልኝ የድመቷን ዕድሜ፣ መከተብ አለመከተቧንና ውጤቱን በስንት ደቂቃ እንዳነበባችሁ አብራችሁ ጻፉልኝ።