ፊትን በየማለዳው ስለ መታጠብ

ወንድሜ ሆይ፥ ገላህን መንከባከብ ብትወድ ብዙ ሥራ በአንድ ቀን አትጀምር፤ ብዙ የያዘ ሰው ፈጥኖ ይሰለቻልና። አንዲት ትንሽ ሥራ ያዝ፤ እርስዋም ከእንቅልፍህ እንደ ተነሣህ፥ እህል ሳትቀምስ፥ እጅህንና ፊትህን መታጠብ ናት።

ጥቅሙ ምንድር ነው ቢሉ፥ የዓይን ማዝ የሚባለው ደዌ ከታመመ ሰው ዓይን በሚወጣ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ እጅ፥ ጨርቅና ዝንብም ያደርሱታል። ሕፃናትን አብዝቶ ይይዛል። ደጋግሞ የያዘው ሰው በኋላ ዘመን የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። ስለዚህ ፊትህን ስትታጠብ የልጆችህንና የባልንጀራህን ዓይን ደግሞ ትጠብቃለህ።

ውኃ ጥቂት ነው አትበል፤ አንድ ጣሳ ውኃ በቀስታ ቢያፈሱት ከአንድ ሰው ፊት ይተርፋል። ሌላው ባበሰበት ጨርቅ ግን ፊትህን አታብስ።

አንድ ቀን ብትረሳ በማግሥቱ ታጠብ እንጂ ጨርሰህ አትተው። ይህ ልማድ በሆነልህ ጊዜ ሁለተኛውን ጨምር፤ ማታ ሳትተኛ ጥርስህን በመፋቂያ ፋቅ። ልጆችህም አንተን እያዩ ይለምዳሉ።