ጾም አዳሪ መሬት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም መልመጃውን ሥሩ።

መሬት እንደ ሰውና እንደ በሬ ሁሉ ዕረፍትን ይሻል። በየዓመቱ እየታረሰ አንድ ዓይነት እህል ብቻ የሚዘራበት ማሳ ኃይሉ እየመነመነ፣ ምርቱም እያነሰ ይሄዳል። ይህን የተገነዘቡ የጥንት ገበሬዎች መሬትን የሚያሳርፉባቸው ሁለት ዘዴዎች ነበሯቸው።

አንደኛው ተዘዋዋሪ እርሻ ነው። ገበሬው ጫካ መንጥሮ፣ የመነጠረውንም አቃጥሎ ይዘራል፤ የመሬቱ ልምላሜ ሲቀንስ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል፤ የተወው ማሳ እንደገና ደን ይለብሳል። ይህ ልማድ ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ባለበት በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ ለምሳሌ በጉሙዝና በማጃንግ ሕዝቦች ዘንድ፣ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ጾም ማሳደር ነው። በዚህ ዘዴ ገበሬው ከቀዬው አይነሣም፤ አንዱን ማሳ ሲያርስ ሌላውን ያሳርፋል። በአርሲ ደጋ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ ዙሪያ፣ ገብስ ሲዘራበት የቆየ ማሳ ጾም ያድር ነበር። ሣር ይበቅልበታል፤ ከብት ይሰማራበታል፤ ፍጉም መሬቱን ያዳብረዋል። እንግዲህ ማሳው ጾም የሚያድረው ከእህል ነው እንጂ ከጥቅም አይደለም።

ይህ እውነት ያልታሰበበት ዘመን ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛ ገበሬዎችን መርዳት ሲሆን፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በማስፋፋቱ ምርት አደገ። ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ግን በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ግጦሹና ጾም አዳሪው ሲታረስ የጭሰኛው ከብት መሰማሪያ አጣ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። ጭሰኝነት የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ዛሬ ሕዝብ በዝቶ ማሳ ስለ ጠበበ መሬትን ለዓመታት ማሳረፍ አስቸጋሪ ሆኗል። ሆኖም የመሬት ድካም አልቀረም። ስለዚህ ገብስና ስንዴን ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ ይገባል፤ በባቄላ ሥር የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀርባሉ፤ ከዚያም የሚተርፈው አፈሩን ያለመልማል። ፍግም ኩበት ሆኖ ከሚነድ ይልቅ ወደ ማሳው ቢመለስ ይሻላል። ዕረፍት የነሱትን መሬት ቢያንስ መመገብ ግዴታ ነው።

መልመጃ

1. ተዘዋዋሪ እርሻና ጾም ማሳደር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. «ጾም የሚያድረው ከእህል ነው እንጂ ከጥቅም አይደለም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እንጂ» ምን አገልግሎት ሰጠ? በዚሁ ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መሥርቱ።
3. በአካባቢያችሁ መሬት እንዴት ያርፍ እንደ ነበር ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፣ ምክንያትንና ውጤትን የሚያሳይ ባለ ሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።