ምክንያትና ውጤት በአንቀጽ ውስጥ

የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

የማልዲቭስ ዓሣ አጥማጆች ቱናን በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ ያጠምዳሉ። ቀድሞ ቀቅለውና በጢስ አድርቀው ወደ ስሪላንካ ይልኩት ስለ ነበር በረዶ አላሻቸውም። በኋላ ያልደረቀውን ዓሣ ለሩቅ ገበያ ሲያቀርቡ ግን በረዶ የግድ ሆነ፤ ቱና በሙቀት ከቆየ ባክቴሪያዎች በሥጋው ውስጥ ሂስታሚን የተባለ መርዛማ ነገር ያበጃሉና። ይህም በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣው ከባሕር እንደ ወጣ በበረዶ ተሸፍኖ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ከፋብሪካ መድረስ አለበት።

«ያበጃሉና» በሚለው ግሥ መጨረሻ ያለችው «-ና» ምክንያትን አመልካች ናት፤ ብዙ ተማሪዎች ከ«እና» ጋር ያደባልቋታል። ምክንያቱ ከውጤቱ በኋላ መምጣቱንም አስተውሉ።

መልመጃ፦ በ«-ና» ፈንታ «ምክንያቱም»ን አግብታችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉ።