ከዕለት ጉርስ የተለየች ገንዘብ፦ በችግር የሚጀመር የጀበና ቡና ንግድ የሚጸናበት ምክንያት

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር፣ በየግንባታው ሥፍራ አጠገብና በየታክሲ መቆሚያው ጥግ የሚታየው የጀበና ቡና ንግድ በአብዛኛው ጥቂት ገንዘብ ባላቸው ሴቶች የሚጀመር ሥራ ነው። ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦት፣ የከሰል ማንደጃ፣ የቡና መቁያ፣ ሙቀጫ፣ ጥቂት በርጩማዎችና ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ሸራ ከተሟሉ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ሙያውም ቢሆን ብዙዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤታቸው የተማሩት ነው። በቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚቀርበው ቡና ለእንግዳና ለጎረቤት የሚሰጥ ክብር ሲሆን፣ በመንገድ ዳር ግን እያንዳንዷ ስኒ ዋጋ ተተምኖላት ትሸጣለች። የቤት ሙያ ወደ ገቢ ምንጭነት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው።

የሥራው አጀማመር ቀላል መሆኑ በጎ ጎኑ ነው። ነገር ግን በቀላሉ የሚጀመር ሥራ በቀላሉ ሊቋረጥም ይችላል። ስለ አነስተኛ ንግድ በሚደረጉ ውይይቶች ዘወትር ጎልቶ የሚነሳው የመነሻ ገንዘብ እጥረት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመነሻው ይልቅ በማግስቱ ላይ ማተኮር ነው። በችግር ምክንያት የተጀመረ የቡና ንግድ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው በአብዛኛው የነገን ቡና የሚገዛው ገንዘብ ከዛሬው እራት ተለይቶ መቀመጥ በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው የሚል መከራከሪያ ያቀርባል።

2. አንድ ገንዘብ፣ ሁለት ጌታ

የጀበና ቡና ነጋዴ ማምሻውን የምትቆጥረው ገንዘብ ሁለት ባለቤቶች አሉት። የመጀመሪያው ሥራው ነው፤ ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ከሰል፣ እጣን፣ ቄጠማና የቦታ ኪራይ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቤተሰቡ ነው፤ እንጀራ፣ የልጅ ደብተር፣ የቤት ኪራይና ድንገተኛ ሕክምና ይጠይቃል። ሁለቱም የሚከፈላቸው ከአንድ መቀነት ነው። ደመወዝተኛ ሰው ወር ሲደርስ የሚቀበለው ገንዘብ የእርሱ ድርሻ መሆኑን ያውቃል። ነጋዴዋ ግን በእጇ ካለው ገንዘብ የትኛው ትርፍ፣ የትኛው የነገ ቡና መግዣ እንደሆነ የሚነግራት ምልክት የለም።

በሕግ በኩልም ይህን ልዩነት የሚያስገድድ ሥርዓት ለዚህ ዓይነቱ ንግድ አልነበረም። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነን ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ «ሐ» መድቦ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልጣለበትም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የዘለቀው ልማድ መዝገብ ለትልቅ ነጋዴ ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ተደርጎ እንዲታይ አድርጓል። ስለዚህ የገንዘቡ መለየት ከውጭ የሚመጣ ግዴታ ሳይሆን ከነጋዴዋ ልምድና ከማኅበራዊ ግንኙነቷ የሚመነጭ ነው።

3. በሒሳብ የተደገፈ ማሳያ

ነገሩን ለማብራራት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የብር መጠኖች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤቶች አይደሉም። አንዲት ነጋዴ በቀን 80 ስኒ ቡና እያንዳንዱን በ20 ብር ትሸጣለች እንበል፤ የዕለት ሽያጯ 1,600 ብር ይሆናል። ለአንድ ስኒ 8 ግራም የተቆላ ቡና ቢያስፈልግ የዕለቱ ፍጆታ 640 ግራም ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል ይህን ለማግኘት 800 ግራም ጥሬ ቡና መግዛት ይኖርባታል። የአንድ ኪሎ ዋጋ 600 ብር ከሆነ የዕለቱ ቡና 480 ብር ያወጣል። ለከሰል፣ ለስኳር፣ ለውኃ፣ ለእጣንና ለቄጠማ 400 ብር፣ ለቦታ 120 ብር ሲታከል ጠቅላላ የሥራው ወጪ 1,000 ብር ይደርሳል። ከሚተርፈው 600 ብር ውስጥ 500 ብሩ ለቤት ሲውል 100 ብሩ ለእቁብ ይከፈላል። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ሥራውም በእግሩ ቆሟል።

አሁን የጥሬ ቡና ዋጋ ከ600 ወደ 750 ብር ከፍ ቢል 800 ግራም 600 ብር ያወጣል። የዕለቱ ወጪ በ120 ብር ይጨምራል። ነጋዴዋ የስኒውን ዋጋ ሳትለውጥ፣ የቤቱን ወጪና እቁቡንም ሳትቀንስ ብትቀጥል፣ ጉድለቱ የሚሸፈነው ለዕቃ መግዣ ካስቀመጠችው ገንዘብ ነው። ይህ ማስኬጃ 3,000 ብር ከነበረ በ25 የሥራ ቀናት ውስጥ ተሟጥጦ ያልቃል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ደንበኛ አልቀነሰም፤ ጀበናው አልተሰበረም፤ የታመመ ሰውም የለም። በየቀኑ የሚሸጠው ቡና ያው 80 ስኒ ነው። ንግዱ ግን እየሞተ ነው። የደንበኛው ቁጥር እስካልቀነሰ ድረስ በስኒ 2 ብር ጭማሪ፣ ማለትም በቀን 160 ብር፣ ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። ይህን ውሳኔ በወቅቱ ለመወሰን ግን በመጀመሪያ ጉድለቱ መታየት አለበት።

ዱቤም እንዲሁ የማይታይ ጉድለት ነው። የአካባቢው ጥበቃ ሠራተኛ፣ የታክሲ ረዳትና የግንባታ ሠራተኛ «በደመወዝ» ብለው የሚጠጡት ቡና ደንበኝነትን ያጠብቃል። ሆኖም በቀን 10 ስኒ በዱቤ ቢሄድ በወሩ መጨረሻ፣ በ26 የሥራ ቀናት፣ ያልተሰበሰበው 5,200 ብር ይደርሳል። ይህ ከላይ ከተጠቀሰው ማስኬጃ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር ነጋዴዋ ራሷ በችግር ውስጥ ሆና ለደንበኞቿ ያለ ወለድ አበዳሪ ሆናለች።

የቡና ዋጋ መጨመር የታሰበ ሥጋት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምትጠጣው ራሷ ናት፤ የአገር ውስጥ ዋጋ ግን ከውጭው ገበያ ተነጥሎ አይኖርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት አቅም በዶላር ሲለካ በእጅጉ ቀንሷል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። ለአምራቹ መልካም ዜና የሆነው ነገር ጀበና ጥዳ ለምትኖረው ሴት የወጪ ጭማሪ ነው።

4. እቁብ እንደ መለያ ግድግዳ

እቁብ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ገንዘብ ማጠራቀሚያ ተብሎ ነው። ለጀበና ቡና ነጋዴ ግን ከዚያ የሚበልጥ አገልግሎት አለው። ዕለታዊ እቁብ ገንዘቡን ቤት ከመድረሱ በፊት ከእጇ ያወጣዋል። ለዘመድ ወይም ለጎረቤት «የለኝም» ማለት ነውር በሚሆንበት ማኅበረሰብ ውስጥ «የእቁብ ነው» የሚለው መልስ ተቀባይነት አለው። ስለሆነም እቁብ በሥራውና በቤቱ መካከል የሚቆም፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያከብረው ግድግዳ ነው።

ሆኖም ይህ ግድግዳ ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። ሃያ አባላት ባሉት፣ እያንዳንዱ በሳምንት 600 ብር በሚጥልበት እቁብ የአንድ ዕጣ መጠን 12,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሳት ሴት ያለ ወለድ ብድር እንዳገኘች ይቆጠራል፤ በሃያኛው ሳምንት የደረሳት ግን ለሌሎች ስታበድር ቆይታለች። የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ የኋለኛዋ 12,000 ብር የሚገዛው ቡና ከፊተኛዋ ያነሰ ነው። በተጨማሪም ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከገጠር በቅርቡ የመጣች፣ በሠፈሩ የሚያውቃት የሌለ ሴት ዋስ የምታገኘው ከየት ነው? እቁብ እጅግ የሚያስፈልጋት ሴት ለመግባት እጅግ የምትቸገረው ናት።

የ100 ብሩ መዋጮም የራሱ አደጋ አለው። በምሳሌው እንደታየው የቡና ዋጋ ሲጨምር እቁቡ ከትርፍ ሳይሆን ከማስኬጃው ላይ መከፈል ይጀምራል። እቁብ አለመክፈል ስም ስለሚያጠፋ ነጋዴዋ የነገን ቡና ቀንሳ እቁቧን ትከፍላለች። መጠኑ ከዕለታዊው ትርፍ ጋር ያልተመዘነ እቁብ ሊጠብቀው የተሠራውን ንግድ ራሱ ይበላዋል።

5. ከሌሎች አገሮች ጥናቶች የሚገኝ ትምህርት

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ደ ሜል፣ ማኬንዚና ዉድረፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት በስሪላንካ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተሰጠ 100 ወይም 200 ዶላር የሚያህል ድጋፍ በወር በአማካይ 5 በመቶ ገደማ ተመላሽ እንዳስገኘ አሳይተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ባወጡት ሥራ ግን ይህ ውጤት በወንዶች ንግድ ላይ እንጂ በሴቶች ንግድ ላይ እንዳልታየ ገልጸዋል። በጋና የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የፋፍሻምና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ለሴቶች በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ድጋፍ ትርፋቸውን እንዳልጨመረ፣ በዕቃ መልክ የተሰጠው ግን ንግዳቸው ሻል ላለ ሴቶች እንደጠቀመ አመልክቷል።

እነዚህ ውጤቶች ሴቶች ንግድ አያውቁም ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ሊያመሩ ይችሉ ነበር። በርንሃርት፣ ፊልድ፣ ፓንዴና ሪጎል እ.ኤ.አ. በ2019 የሕንድን፣ የስሪላንካንና የጋናን መረጃዎች እንደገና ሲመረምሩ ግን ለሴቲቱ የተሰጠው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በቤተሰቡ ውስጥ ወዳለ ሌላ ንግድ፣ በተለይም ወደ ባል ሥራ፣ እንደሚሄድ አገኙ። በቤቱ ውስጥ ብቸኛዋ ነጋዴ እርሷ ስትሆን ያገኘችው ተመላሽ ከወንዶቹ የሚተናነስ አልነበረም። ጉድለቱ ከሙያዋ ሳይሆን ከገንዘቡ አለመለየት የመጣ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔውን በተመለከተ ድሬክስለር፣ ፊሸርና ሾር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ትኩረት ይሻል። ተመራማሪዎቹ መደበኛ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለተሰጣቸውና የቤትና የሥራ ገንዘብን በመለየት ላይ የተመሠረቱ ቀላል ደንቦችን ብቻ ለተማሩ ነጋዴዎች ውጤቱን አነጻጽረዋል። የገንዘብ አያያዛቸውን ያሻሻሉት ቀላሉን ደንብ የተማሩት ነበሩ።

6. የማስፋፋት ፈተና

ንግዱ ሲጸና ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ማደግ ነው፤ ከሸራ ወደ ቤት፣ ከጀበና ወደ ማኪያቶ ማሽን። ማሽን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ቤቱም የወር ኪራይ ይፈልጋል። ጀበና ከሰል እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ቢሰበርም በጥቂት ብር ይተካል። የእቁብ ዕጣ በደረሰ ማግሥት ማስኬጃውን ጨምሮ ሁሉንም ለማሽን ማዋል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደተባለው ይሆናል። በሌላ በኩል የመንገድ ዳር ሥራም ዋስትና የለውም። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. እንደተጀመረው የኮሪደር ልማት ያለ ሰፊ ሥራ ሲካሄድ የመንገዱ ገጽታ ብቻ ሳይሆን ቡና የሚጠጣው ሰው አካሄድም ይለወጣል። ስለዚህ የተለየው ገንዘብ ከቡና መግዣነቱ ባሻገር ቦታ ቀይሮ እንደገና ለመጀመር የሚያስችል መጠባበቂያም ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ለነጋዴዋ ከመዝገብ የሚቀድመው ሁለት ከረጢት ነው። የሥራው ከረጢት በቅድሚያ የነገውን ዕቃ በነገው ዋጋ ይሞላል፤ የቤቱና የእቁቡ ድርሻ ከቀሪው ይወሰናል። ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴትም ይህን ደንብ ልትጠቀምበት ትችላለች። ሁለተኛ፣ ለአበዳሪ ተቋማት የመነሻ ብድር ሰጥቶ በማግሥቱ መክፈያ ከመጠየቅ ይልቅ ከዕለታዊ ሽያጭ ጋር የተመዘነ፣ የዋጋ ጭማሪ ሲመጣ ማስኬጃውን የሚደግፍ አነስተኛ ብድር ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ለተመራማሪዎች የንግዱን ጤንነት በሽያጭ ወይም በደንበኛ ብዛት ብቻ መለካት እንደሚያሳስት የ25ቱ ቀናት ምሳሌ ያሳያል። ማምሻውን ማንደጃው ሲጠፋ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ዛሬ ስንት ስኒ ተሸጠ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ጠዋት የሚቆላው ቡና መግዣ በየትኛው ከረጢት አለ የሚለው ነው።