ከእግር ወለምታ በኋላ በዓደን የት እንንቀሳቀስ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እግር ነው። ሐኪም ሆኜ አይደለም የምጽፈው፤ ወድቄ ስለተነሣሁ ነው። ሐኪም የነገረኝን፣ ጠይቄ የተረዳሁትንና በራሴ እግር የሞከርኩትን አንድ ላይ አድርጌ አቀርብላችኋለሁ።

የወደቅኩት ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የምሠራበት ቤት ክሬተር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የውሃው ሞተርም ይቆማል፤ ያኔ ውሃ በጀሪካን ከታች ወደ ላይ በእጅ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ይዤ በጨለማ ስወጣ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወደቅኩ። ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። መጀመሪያ ያለቀስኩት ለውሃው ነበር፣ እግሬ ቆይቶ ነው ያመመኝ።

ማዳሜ "ነገ እንግዳ አለብን" አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። አብራኝ የመጣች አንዲት ልጅ እንዲሁ ወለም ብሏት ሳታርፍ ሠርታበት ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ ሰዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት አረማመዷን ነው። እኔ ደግሞ አገር ቤት ሁለት ልጆች በዚህ እግር ነው የሚማሩት።

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ይባል የለ? የእግሩ ግን ይታሻል ብለን ሁላችንም ወደ ቅቤና ወደ ወጌሻ እንሮጣለን። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ማሸትም ሆነ በሙቅ ነገር መዘፍዘፍ እብጠቱን ያብሳል። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ መጎተት የባሰ ጉዳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ዕወቁ፦ በተጎዳው እግር አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የወጣውን አጥንት ከኋላ በኩል ስትጫኑት ካመማችሁ፣ ራጅ መነሣት አለባችሁ። ይህ ሐኪሞች ራሳቸው የሚጠቀሙበት መለያ ነው። ማዳሞቻችሁ "ምንም አይደል" ቢሉም ይህን ንገሯቸው። የእኔ አልተሰበረም፣ ጅማቱ ነበር የተጎዳው።

ለጅማት መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልገው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ፣ ፋሻ (ጣታችሁ ከደነዘዘ ላሉት)፣ ማታ ስትተኙ እግርን ትራስ ላይ ከደረት ከፍ ማድረግ ነው። ባት አብጦ ከሞቀና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ይህ ወለምታ አይደለም፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ከዚያ በኋላስ? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ሲጎድል "ዳንኩ" እንላለን። ጅማት ግን አጥንትን ከአጥንት ማሰር ብቻ አይደለም ሥራው፤ እግራችን የት እንደቆመ ለአንጎል ይነግራል። ከተጎዳ በኋላ ይህን መንገር ስለሚያጎድል ነው አንዴ ወለም ያለው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው። እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። ቀላሉ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይድናል፣ ከበድ ያለው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ በኋላ የተረከዙን ጅማት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወራት ሙሉ ከውድድር ርቆ ነበር፤ በ2001 ኤድመንተን ላይ ሲመለስ ሦስተኛ ነው የወጣው። እኛስ ታዲያ በሦስት ቀን ለምን እንድን?

ሐኪሙ "ስፖርት ቤት ግቢ" አለኝ። ለሴቶች የሚሆን አንድ ቦታ ጠየቅኩ፤ የወሩ ክፍያ የደሞዜን ሲሶ ያህል ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ለእኛ ውድ የሆነው ነገር ብሩ ብቻ አይደለም፤ ፈቃዱ ነው። ነፃ ቦታ ዓደን ሞልቷል፣ ከቤት መውጣት ነው የቸገረን። ስለዚህ ከቤት ጀመርኩ።

መጀመሪያ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ በእግሬ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል ጻፍኩ። ከሀ እስከ ሆ፣ ከለ እስከ ሎ እያልኩ። ቁርጭምጭሚቱ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ጨ ላይ ስትደርሱ ታውቁታላችሁ! ሁለተኛው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ነው። ዕቃ ሳጥብ በሁለት እግሬ ተረከዜን አሥር ጊዜ አነሣለሁ፣ ሳምንት ቆይቼ በአንዱ ብቻ። ከዚያ በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም፣ እጅ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ። በደህናው እግር የምትቆሙትን ያህል እስክትቆሙ አትተዉት። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ቃት ሲቀመጡ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ስወጣ እዚያ ግድግዳ ይዤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

መለኪያችሁ በማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ አበዝታችኋል፣ ቀንሱ። ካልባሰ ትንሽ ጨምሩ።

ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የተጎዳው ይቅደም። ውሃ ግዴታ ከሆነ ባለ 20ውን ትታችሁ ባለ 5 ሊትሩን በአንድ እጅ፣ ሌላው እጅ የደረጃው ብረት ላይ። አራት ጊዜ መመላለስ ነው፣ አውቃለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ለማዳሜ "የጠዋቱን ሩቲ እኔ ልግዛ" አልኳት። ልጇ ነበር በየቀኑ እየተነጫነጨ የሚገዛው፤ ደስ አላት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሶላት የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ላይ እያሉ፣ ለሃያ ደቂቃ በሜዳማ መንገድ መሄድ ቻልኩ። መዓላ ያላችሁ ዋናው መንገድ ቀጥና ሜዳ ስለሆነ ለዚህ ከእኛ ይሻላችኋል፤ የተሰባበረውን የእግር መንገድ ብቻ እያያችሁ። ክሬተር ያለን ደግሞ ከሸምሳን ተራራ ሥር ሰሃሪጅ አለልን። የጥንት የዝናብ ውሃ ገንዳዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ እንግሊዞች ከደለል ሥር ቆፍረው አወጧቸው። ዛፍና ጥላ አለ፣ ደረጃም አለ። እኔ ስገባ የከፈልኩት ጥቂት ነበር። የሲራን ምሽግ ግን ለመጨረሻ አቆዩት። እኔ ጓጉቼ በስድስተኛው ሳምንት ወጣሁት፤ በማግስቱ እግሬ እንደገና አብጦ ዐሥር ቀን ወደ ኋላ መለሰኝ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ባሕሩ ነው። ውሃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። እስከ ወገባችሁ ስትገቡ እግራችሁ የሚሸከመው ከክብደታችሁ ግማሽ ያህሉን ነው። ስልሳ ኪሎ የሆነች ሠላሳ ኪሎ ሆና ትራመዳለች ማለት ነው። በአስፋልት ላይ የማልችለውን ውሃ ውስጥ በኅዳር ወር ቻልኩት፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በጎን፣ በጣት መቆም። ያለ ሕመም ተራምጄ የማላውቅ ያህል ሆኖ ተሰማኝና እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

ሁለት ቦታ አውቃለሁ። ተዋሂ ያለው ጎልድ ሙር በተራራ የተከበበ ነው። ኾርመክሰር ያለው ሳሕል አብየን ረጅምና ገላጣ ነው፣ መንገዱም አጠገቡ ስለሆነ ከደባብ ወርዶ መድረስ ቀላል ነው። የምትከፍሉት የደባቡን ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል፤ ለእኛ የሚሻለው ዓርብ ጠዋት ነው። የዓደን ሴቶችም በልብሳቸው ይገባሉ፣ ስለዚህ ማንም አያፈጥባችሁም። አባያ ሲርስ ግን ከእግር ጋር ይጠመጠማል፤ ከሥር ሱሪ ልበሱ፣ ውሃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ አባያውን ቋጠር አድርጉት። ላስቲክ ጫማ አታውልቁ። ደረቁ አሸዋ ለታመመ እግር ከባድ ነው፤ ውሃው ዳር ያለው እርጥቡ ይሻላል። እሱም ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ስለሆነ የሄዳችሁትን ያህል ተመለሱ፣ አለዚያ አንዱ እግር ብቻ ይጎዳል።

አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፣ ዋና አናውቅም። ከወገብ በላይ አትግቡ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ዳር ሆና ወረቀትና ቦርሳ ትጠብቅ። አገራችን ክረምት በሆነበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚህ ነፋሱ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ በእነዚያ ወራት ውሃውን ተዉት፣ በእግር መሄዱንም ፀሐይ ሳይወጣ ጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከተማው ውስጥ ለወራት ውጊያ ስለነበረ ሰው ወደማይረግጠው ባዶ ዳርቻና ወደ ፈረሰ ሕንፃ አትጠጉ።

አሁን እግሬ ደረጃውን ያለ ብረት ይወጣል። ረጅም ቀን ቆሜ ስውል ማታ ትንሽ ያብጣል፣ ፊደሌንም እስካሁን እጽፋለሁ። ሩቲውን አሁንም የምገዛው እኔ ነኝ።

ሼኽ ዑስማንና በሳቲን ያላችሁ እኅቶች፣ ከባሕሩ ራቅ ስለምትሉ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ጎደሎ ነው። በእናንተ በኩል ሴት ያለ ስጋት የምትራመድበት ሜዳማ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ በዓርብ ስብሰባችን ንገሩኝ፣ በሚቀጥለው እትም እጨምረዋለሁ።